ጥርስ ሊያወጣ ነው

ሐኪም ፍለጋ የሚንከራተት ሰው ሰፈራችንን አያውቅም። እሁድ ከሰዓት የስምንት ወር ልጃችንን ሲያተኩሰው ከበር መውጣት እንኳ አላስፈለገንም፤ ቡና ተፈልቶ ነበርና የሐኪሞች ቦርዱ ረከቦቱን ከቦ ተቀምጧል።

ምርመራውን የከፈቱት የላይኛው ቤት እትዬ ናቸው። የጋለውን ጀበና ማቶቱ ላይ አስቀመጡና በዚያው መዳፋቸው ግንባሩን ዳሰሱት። «ምንም አይል፣ ጥርስ ሊያወጣ ነው» አሉ። ከጀበናው አንጻር እውነታቸውን ነው። ብብቱ ሥር የያዝኩለት ቴርሞሜትር 38.9 ብሎ ነበር፤ ግን ቴርሞሜትር ስንት ልጅ አሳድጓል? እትዬ ሰባት አሳድገዋል።

ቀጥሎ ሕክምናው። ሁለት ሹራብ፣ ኮፍያ፣ በላዩ ላይ እጥፍ ጋቢ። ምች እንዳይገባ መስኮቱ ተዘጋ። ልጁ በርበሬ መስሎ ሲቀላ «አያችሁ፣ ወዙ ተመለሰ!» ተባለ።

ፓራሲታሞሉ ላይ ብቻ ትንሽ ክርክር ተነሳ። የሚሰጠው እንደ ኪሎው ነው ብል «ልጅ እንደ ሥጋ ይመዘናል እንዴ!» ብለው አፌን አስያዙኝ። አንዷ የሻይ ማንኪያ አለች፣ ሌላዋ የሾርባ፤ በሽምግልና የስኳሩ ማንኪያ ጸደቀ። እህቴ ደግሞ ጥቅምት ላይ ልጇን ሲያስለው ተበጥብጦ የተረፈ ግማሽ ጠርሙስ አሞክሲሲሊን ይዛ ደረሰች። አሁን ጥር ነው። ከተበጠበጠ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ይደፋ የሚለው ፋርማሲስቱ ነው፤ እሱማ ሌላ ሊሸጥ ፈልጎ። ደግ መድኃኒት እንደ ጠጅ ሲሰነብት ነው የሚበረታው።

ይህን የመሰለ ሥራ ያበላሸችብን ሰርቪስ ቤቱን የተከራየችው ሲስተር ናት። ከሥራ ስትገባ ደፉ ላይ ቆማ ጥያቄ ብቻ! ጡት ይይዛል? የወሰደውን ሁሉ ያስመልሳል? አንቀጥቅጦታል? ስትቀሰቅሱት ይነቃል? በመጨረሻም «ከሰሞኑ ቆላ ወርዳችሁ ነበር?» ሳቅ ሆነ። ልጅ ታሞ የጉዞ ወሬ!

ወርደን ነበር። ከመተሐራ ሠርግ ከተመለስን 12 ቀናችን ነው።

በረካው ሳይቀዳ ጤና ጣቢያ ደረስን። ጠብታ ደም ተወሰደ፤ ወባ።

ማታ መድኃኒቱን ይዘን ስንመለስ እትዬ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው ድዱን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና፦

«እኔስ ምን አልኩ? ወባም የሚደፍረው ጥርስ ሲመጣ ነው።»