ስለ ኢቲቪ ታሪክ ለተጻፈው፦ አባባ ተስፋዬስ?

ስለ ኢቲቪ (የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን) ታሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። በ1957 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን ከማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ስለ ተጀመረው ስርጭት ጥሩ አድርጋችሁ ጽፋችኋል። ግን የጣቢያውን ታሪክ የመንግሥታት መለዋወጥ ብቻ አደረጋችሁት። ንጉሡ፣ ደርግ፣ ኢሕአዴግ፣ አለቀ! ተመልካቹ የታለ?

አባባ ተስፋዬን አንድ መስመር እንኳ መንፈጋችሁ በጣም ገርሞኛል። ተስፋዬ ሳህሉ የልጆችን ፕሮግራም ከጣቢያው መጀመሪያ አንስቶ ከአርባ ዓመት በላይ ይዘውት ቆይተዋል። ሦስቱንም መንግሥታት ተሻግረዋል። ከቴሌቪዥን በፊት የመድረክ ሰው ነበሩ፤ ሴት ተዋናይ በጠፋበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ተውነዋል። ተረት ሲተርኩ ድምፃቸውን እንደዚያ መቀያየር የቻሉት ከዚያ ይመስለኛል። «ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ሲሉ አገር ምድሩ ጸጥ ይል ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያላዘነ ሰው አላየሁም።

የቀለም ስርጭቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፋችሁት። በ1977 መባቻ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመትና ለኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ምሥረታ ተብሎ እንደመጣ ይታወቃል። ያኔ ብዙ ቤት ግን የነበረው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነው፤ እሱም ካለ! የበዓሉ ሰልፍ በቀለም ሲተላለፍ እኛ ሰፈር ግራጫ ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ደግሞ ዜናው እስኪያልቅ ልጆችን በር ላይ ያስጠብቅ ነበር፣ ጫማ ማስወለቁ ሳይቀር።

ክፍል ሁለት ካላችሁ እባካችሁ የካሜራና የመብራት ሠራተኞቹን አነጋግሩ። የድሮዎቹ ካሴቶች በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉም ጠይቁልን።