ገንፎው ዘጠኝ ወር ዘግይቷል

ቤታችን ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ሁላችንም ሐኪም እንሆናለን። ጎረቤት ይመክራል፣ አማት ትከለክላለች፣ አክስት በስልክ ትቆጣለች። «ወተት አትጠጪ፣ ልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል።» «እንቁላል ይቅርብሽ፣ ልጁ ይገዝፍና መውለድ ያቅትሻል።» «ሙዝ? ኧረ በስመአብ በይ!» አንዱ አካባቢ ማር ይከለከላል፣ ሌላው ዘንድ ጎመን፣ ሌላው ዘንድ እርጎ። እስቲ የተከለከለውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉትና እዩት። ለነፍሰ ጡር የሚያስፈልጋት ምግብ አብዛኛው እዚያ ላይ ሰፍሮ ታገኙታላችሁ።

ወገኖቼ፣ ስለ እርግዝና አመጋገብ ወሬ በተነሳ ቁጥር «እናቶች ግንዛቤ ይጎድላቸዋል» እንባባላለን። አንድ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የእርግዝና ክትትል ክፍል በር ላይ ተቀመጡ። ነርሷ «ምን ምን መብላት አለብሽ?» ስትል መልሱ እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርዳል። እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመን፣ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬ። በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ እንደሚያስፈልጋትም ብዙዎቹ ያውቁታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስንት ዓመት ቤት ለቤት ዞረው ነግረዋታል። ከዚያ ቤቷ ትገባለች። ቤት ስትገባ ምን እንደሚወጠወጥ የሚወስነው ማን ነው? እንቁላሉን ገበያ የሚልከው ማን ነው? ሁሉም በልቶ ከተነሳ በኋላ የትሪውን ዳር ዳር እየጠራረገች የምትበላውስ ማን ናት? ግንዛቤ የጎደለን ትሪውን ከብበን የተቀመጥነው እኛ ነን።

ማብላት የማናውቅ ሕዝብ ብንሆን ኖሮ አልናገርም ነበር። ስትወልድ ግን እዩን! እልልታው ሳያባራ ገንፎ ይገነፋል። መሀሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል። አጥሚቱ በፔርሙስ ይመጣል፣ ዶሮ ይታረዳል፣ የሰፈር ሴት ሁሉ ሳህን ይዛ ትገባለች። «ብዪ እንጂ፣ አራስ አይደለሽ እንዴ!» እያልን እናጎርሳለን። ግሩም ባህል ነው፣ አንዲት ማንኪያ አይቀነስበት። የምታጠባ እናት እንዲያውም በቀን ሁለት ተጨማሪ ምግብ ነው የሚያስፈልጋት። ግን ልጁ አጥንቱንና አንጎሉን መሥራት የጀመረው ማኅፀን ውስጥ ነው። ያኔ እኛ ጉርሻዋን እየቆጠርን ነበር።

አምሮት ላይማ ጀግኖች ነን። «ካልቀመሰች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል» ይባልና ባል በውድቅት ሌሊት ሰፈር ያስሳል። ያው ሰውዬ ጠዋት አንድ እንቁላል ቀቅለህ ስጣት ሲባል የሴት ሥራ ይሆንበታል። (በነገራችን ላይ ያማራት አፈር ከሆነ ቀልድ አይደለም። የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ይችላልና ለነርሷ ትንገር።)

«ልጁ ይገዝፋል» የምትለዋን ላፍታ እንያት፤ ከሁሉም የምትጎዳን እሷ ናት። እናቶቼ፣ አማቶች፣ እንዳትቀየሙኝ። ፍርሃታችሁ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። መንገድ የለም፣ መኪና የለም፣ ኦፕሬሽን የሚያደርግ ሐኪም የለም፤ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ስትወርድ አይታችኋል። ልጁ ትንሽ ይሁን ማለት ያኔ እናቲቱን ለማትረፍ የተገኘ ብቸኛ ዘዴ ነበር። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ምጥ የሚያስቸግርበት አንዱ ትልቅ ምክንያት የዳሌ ጥበት ነው። ዳሌ ብዙ ጊዜ የሚጠበው ደግሞ ልጅቷ በልጅነቷ ሳትጠግብ ስላደገች፣ አጥንቷ ሳይጠና ስለተዳረች ነው። ዛሬ እንቁላል ብትከለክሏት ዳሌዋ አይሰፋም። የምታገኙት ደም ያነሳት ወላድና ከሲታ ሕፃን ነው።

ደም ያነሳት ወላድ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሌላዋ የምትቋቋመው የደም መፍሰስ እሷን ይዟት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተሠራው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከነፍሰ ጡሮቻችን 29 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን ደግሞ 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ከቀነጨሩት መካከል ሴቶቹ ያድጋሉ፣ ያገባሉ፣ ያረግዛሉ። ያኔ እኛ አርጅተን ጥግ ላይ ቁጭ ብለን «እንቁላል እንዳትበላ» እንላለን።

ኪኒኑም ያው ነው። ጤና ጣቢያ አይረን (ብረት) እና ፎሊክ አሲድ ያለበት ኪኒን ይሰጣታል፣ በነፃ። በየቀኑ አንድ። በዚያው ጥናት ቢያንስ ለ90 ቀን የወሰዱት ከ100 እናቶች 5 ብቻ ነበሩ። ስንቱ ኪኒን ቦርሳ ውስጥ፣ ፍራሽ ሥር፣ ቁም ሳጥን ላይ ቀርቷል። ለምን ብላችሁ ጠይቁ። «ያቅለሸልሸኛል» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ሆድ ድርቀትም አለው፣ ሰገራም ያጠቁራል። ማታ ከእራት በኋላ ብትውጠው ለብዙዎቹ ይቀልላቸዋል፤ መጥቆሩም አያስፈራም፤ ካስቸገራት ግን ከማቆሟ በፊት ነርሷን ታማክር። ግን «ይሄ ኪኒን ልጁን ያወፍረዋል፣ ጣዪው» ያላትም ሰው አለ። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከእኛው ቤት ነው።

ቡናና ሻይ ላይ ደግሞ ልቆጣ ነው። እራት ሳይወርድ ሻይ፣ ምሳ ሳይወርድ ቡና። ሁለቱም በምግቡና በኪኒኑ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። «ጤፍ እንደሆነ ብረት ሞልቶታል» ብሎ መዘናጋትም አያዋጣም። እንዲህ ያለው የእህል ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ሎሚ ግን ያግዘዋል። ጎመኑ ላይ ጠብ አድርጉላት፣ ከምስሩ ጎን ቲማቲምና ቃሪያ ቁረጡላት። ጀበናው አንድ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ማንም አይሞትም። ሦስተኛውን ስኒ ብትተወው ደግሞ ደስ ይለኛል።

የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። ወተት የከለከለው ሰው ድግስ ላይ ጠላ ይቀዳላታል። «ትንሽ ናት፣ ምንም አትልሽም።» እንቁላል ነውር የሆነበት ቤት ክትፎውን ለብለብ አድርጎ ያጎርሳታል። መከልከል የሚያምራችሁ ከሆነ የሚከለከልስ ሞልቷል። መጠጥ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት፣ ኮሶ። እዚህ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ተቆጡ።

ጾሙን በተመለከተ ከእምነት ጋር ላጣላችሁ አልመጣሁም። ነፍሰ ጡሯ ሄዳ የነፍስ አባቷን ታነጋግር፤ ብዙ አባቶች በእርግዝናዋ ላይ ሸክም አይጨምሩም። በእስልምናም ለራሷ ወይም ለልጇ የፈራች ነፍሰ ጡር ረመዳንን አፍጥራ በኋላ ማካካስ ትችላለች። የነፍስ አባቷ የፈቀደላትን ግን ጎረቤት ነው የሚከለክላት። «እከሊት በሁዳዴ ወተት ስትጠጣ አየኋት» የምትል ምላስ ከራብ ትብሳለች። ልጹም ካለችም ጾም ማለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆድ ባዶ፣ ከዚያ በሽሮ ማባበል አይሁን። ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ሱፍ፣ ለውዝ፣ አቮካዶ የጾም ምግብ አይደሉም እንዴ?

ወንዶች፣ አንድ ነገር ለእናንተ ብቻ። ልጅ እንውለድ ብላችሁ ከተማከራችሁ ፎሊክ አሲዱ ከማርገዟ በፊት ነው የሚጀመረው። ፎሊክ አሲድ የጽንሱ ህብለ ሰረሰር በደንብ እንዲዘጋ ያግዛል፤ የሚዘጋው ደግሞ ከተፀነሰ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ገደማ ነው። ያኔ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ስለዚህ ለሠርግ አዳራሽ ወረፋ ስትይዙ ጎን ለጎን ጤና ጣቢያም ጎራ በሉ። ክትትል በሄደች ቁጥርም ውጪ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ስልክ አትነካኩ፤ ግቡና ነርሷ የምትለውን ስሙ። ያኔ አማትየው «ማን አለ?» ስትል መልስ የሚሰጠው ልጇ ይሆናል። እናቱ ልጇን ትሰማለች፣ ምራቷን ግን ላትሰማ ትችላለች።

«ድሀ ነን፣ ከየት አምጥተን?» የሚል አይጠፋም። ኑሮ መወደዱን አላጣሁትም፤ ሥጋ በየሳምንቱ አምጡ ያለም የለም። ግን ደጃችን ላይ ዶሮ ያላቸው ቤቶች አውቃለሁ፣ ነፍሰ ጡሯ እንቁላል ሳትቀምስ ትወልዳለች። እንቁላሉ ተለቅሞ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል። ላሟ ትታለባለች፣ ቅቤው ይሸጣል። ዶሮው ሲታረድ ፈረሰኛው ለአባወራው፣ ለእሷ አንገትና ክንፍ። ገንዘቡ ያስፈልጋል፣ አውቃለሁ፤ ጨውም ሳሙናም የሚገዛው በእሱ ነው። ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ ግን ከተለቀመው እንቁላል ግማሹ ቤት ይቅር። ለእሷ ነው ያልኩት፣ ለአባወራው አይደለም።