ባህል አራተኛ ፎቅ አይወጣም

ባለፈው ሳምንት በሠፈራችን በተጠራ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «ልጆቼ፣ አቅመ ደካማ የሆንነውን ቤታችን ድረስ መጥቶ የሚያየን ሰው ብትመድቡልን» አሉ። መድረኩ ላይ የተቀመጠው ኃላፊ ፈገግ አለና «እናታችን፣ እሱ የፈረንጅ አሠራር ነው፤ እኛ አረጋውያንን የምንጦርበት የራሳችን ባህል አለን» ብሎ መለሰላቸው። ተጨበጨበለት። እናትየዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። እኔን ከመልሱ ይልቅ ጭብጨባው አንገበገበኝ።

የፈረንጅ? ቤሩት ውስጥ የአልጋ ቁራኛ የሆነችን አሮጊት የምታገላብጣት፣ የምታጥባት፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ የምታስውጣት ማን ሆነችና ነው? ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ የሰው አባት በገዛ ቤቱ እንዲያረጅ አጠገቡ ቁጭ ብለው የሚያድሩትስ? የኛው ልጆች ናቸው። እስራኤል አረጋውያን በቤታቸው ረዳት የሚያገኙበትን ኢንሹራንስ በ1988 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ አውላለች፤ ከጎንደር የሄዱት አዛውንቶችም በሕጉ ይጠቀማሉ። «ለባህላችን አይስማማም» ብሎ ረዳቱን ከበር የመለሰ አልሰማሁም። ለሰው አገር ሽማግሌ የላክነውን ሙያ፣ ለራሳችን ሲሆን «ፈረንጅ» እያልን እንሰድበዋለን።

ደግሞስ ይኼ ባህል የሚባለው ማን ነው? ስንት ሰዓት ላይ ይመጣል?

አክስቴ 78 ዓመቷ ነው። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ከቀበሌ ቤቷ ተነሣች፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሳት። ሊፍት የለውም። እውነት ለመናገር የድሮው ቤት ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ሽንት ቤቱም የጋራ ነበር። አሁን የራሷ አላት፤ ይህን አልክድም። ግን እዚያ ግቢ ውስጥ አክስቴ በሯን ሳትከፍት ከረፈደ፣ ከግድግዳው ማዶ ያለችው ጎረቤት በዘነዘና ግድግዳውን ትደበድብ ነበር። ቡና ተፈልቶ ያልመጣ ሰው ወዲያው ይፈለጋል፤ በቀን ሦስቴ የሰው ቆጠራ ነበር ማለት ይቻላል። ክኒኗን የማን ልጅ ከፋርማሲ እንደሚያመጣ፣ ገበያ ማን እንደሚወጣላት፣ እግሯ ሲያብጥ ማን እንደሚያሽላት የታወቀ ነበር። ኃላፊው «ባህል» የሚለው ይኼን ነው፤ የአምስት ስድስት ሴቶችን ያልተከፈለ ጉልበት። እነዚያን ሴቶች አንዷን ወዲህ፣ አንዷን ወዲያ የበተነው ማን ነው? ግቢውን በኤክስካቫተር ካረሱት በኋላ «ባህላችሁ ይጡራችሁ» ማለት፣ ምጣዱን ሰብሮ «እንጀራ ጋግሪ» እንደማለት ነው።

አሁን አክስቴ ብሩን በመሐረብ ትቋጥርና ከበረንዳዋ ዘንቢል በገመድ ታወርዳለች። ታች ያለችው የጉሊት ነጋዴ ሽንኩርትና ድንች ጨምራ ገመዱን ነቅነቅ ታደርግላታለች። አንዳንድ ቀን ዘንቢሉን ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተሰጣ ልብስ ይይዘውና ልጆች እስኪያላቅቁት ትጠብቃለች። የደም ግፊት ክኒኗ ሲያልቅ ግን ዘንቢሉ ጤና ጣቢያ አይደርስም። «ልጅ የላትም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አላት፤ ቤሩት። የሌላ ሰው እናት እያጠበች በየወሩ ብር ትልካለች። የቤተሰብ ሕጉ ልጅ ወላጁን እንዲጦር ያስገድዳል፤ ልጅቷም ግዴታዋን እየተወጣች ነው። የላከችው ብር ግን ደረጃ አይወጣም።

ዕድርም ስንሞት ድንኳን ይዞ ከተፍ ይላል። በሕይወት ላለ ሰው አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ዕድር ካለ አሳዩኝና እኔም ልመዝገብ።

ሌላው ሰበብ በጀት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ ለአረጋውያን የሚደረገውን እንክብካቤ አቅም በፈቀደው መጠን ይለዋል። ለመንገድ ዳር መብራትና ለፋውንቴን የፈቀደው አቅም፣ ለአክስቴ ክኒን ሲሆን ነው እምቢ የሚለው? የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች መንገድ ጠርገው፣ ችግኝ ተክለው ይከፈላቸዋል። ከአንድ ቡድን ሁለቱ መጥረጊያውን አስቀምጠው በየብሎኩ የአረጋውያኑን በር ቢያንኳኩ፣ ውሃ ቢቀዱ፣ ልብስ ቢያጥቡ፣ ጡረታ ለመቀበል ሲወጡ ቢደግፏቸው ምን ይጎድላል? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እንደሆነች ድሮም ቤት ለቤት ነው የምትዞረው፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን እንደምትመዘግብ ሁሉ ብቻዋን የምትኖር የ78 ዓመት ሴትም ትመዝግብ። ከሁሉም በፊት ደግሞ ምድር ቤቱን ለሱቅ ከመቸብቸብ ለአረጋውያን ስጡ፤ ሰው ስታነሡም ጎረቤትን ከጎረቤቱ ጋር አንድ ብሎክ አስገቡ። እስኪ ይኼ ምኑ ነው ፈረንጅ?

መቄዶንያን የሚጠቅስልኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መቄዶንያ የወደቀ ያነሣል፤ ምስጋና አይለየው። አክስቴ ግን ገና አልወደቀችም። ሽሮዋን ራሷ ታንተከትካለች፣ ጸሎቷን አድርሳ ሬዲዮዋን ትከፍታለች። ከቤቷ ወጥታ የትም መግባት አትፈልግም።

ስብሰባው ሲያልቅ እኚያን እናት ደግፌ የአዳራሹን ደረጃ አወረድኳቸው። ስንተኛ ፎቅ እንደሚኖሩ ጠየቅኋቸው።

«ሦስተኛ» አሉኝ። «ከጥምቀት ወዲህ ዛሬ መውረዴ ነው፤ ስብሰባ አለ ቢሉኝ።»