ይድረስ ለክቡር «አንድ ሰዓት»

አድራሻ፦ ቲኬቱ ላይ፣ «የበረራ ጊዜ» ከሚለው ጎን
ጉዳዩ፦ የማን ሰዓት እንደሆኑ እንዲያሳውቁን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ባለፈው ቅዳሜ እርስዎን አምኜ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ሄድኩ። ቲኬቱ ላይ «1 ሰዓት» ብለው ጉብ ብለዋል። እኔም ለእናቴ ደውዬ «ምን አላት፣ አንድ ሰዓት ናት» አልኳት። (ይቺን ነገር ይያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።)

እርስዎ ተኝተው እኔ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ተነሳሁ። 11 ሰዓት ላይ ቦሌ ደረስኩ። መግቢያው ላይ ጫማ አወለቅኩ፣ ቀበቶ ፈታሁ። ሻንጣዬን አስረክቤ ወደ መሳፈሪያው ሳልፍ ድጋሚ ጫማ፣ ድጋሚ ቀበቶ። የግራ ካልሲዬ ደግሞ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። አንዴ ቢሆን እችለው ነበር። ሱሪዬን በአንድ እጄ እንደያዝኩ ሰዓት አየሁ። ከአልጋዬ ከወረድኩ ሦስት ሰዓት ሆኖኛል፤ እርስዎ ግን ገና አልተወለዱም።

ለካ እርስዎ የሚጀምሩት ከአውሮፕላኑ ጎማ ሥር ማገጃው ሲነሳ ነው። የሚያበቁት ደግሞ ባሕር ዳር ቆሞ ማገጃው ሲገባ። መሬት ለመሬት የሚሄድበትም፣ ለመነሳት ተራ የሚጠብቅበትም እርስዎ ውስጥ ተቆጥሯል። በሰማይ እኮ መንገዱ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለ ፕሮፔለሯ አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትከንፋለች። መውጣት መውረዱን ብንተወው፣ ሒሳቡ ግማሽ ሰዓት ነው! ለሰማዩ ረዝመዋል፣ ለእኔ አጥረዋል። ታዲያ የማን ነዎት?

አውቶቡስ ይሻላል። ዓባይ በረሃን ወርዶ፣ በደጀን ወጥቶ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ረዳቱን «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ቢሉት «እሱን መንገዱ ያውቃል» ይልዎታል። ቢያንስ አይዋሽም።

በረራው ራሱ ምንም አይወጣለትም። ውሃዬን ሳልጨርስ ጣና ታየ። ከዚያ ሻንጣ ጥበቃ፣ ከዚያ ታክሲ። እናቴ ቤት ስደርስ 3 ሰዓት ሆኗል። አንድም ነገር ሳይበላሽ፣ አምስት ሰዓት ተኩል!

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ። «አንድ ሰዓት ናት» ስላት፣ እሷ የሰማችው ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። አውሮፕላኑ ገና ከቦሌ የሚነሳበት ሰዓት! ከንጋት ጀምራ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ቡና አፍልታ ጠብቃኛለች። አቦሉን ጎረቤት ጠጥቶታል። ቶናውም አልቋል። ለኔ የተረፈችኝ በረካ ናት፤ እሷም ቀዝቅዛለች።

«አንድ ሰዓት አላልከኝም?» አለችኝ።

መልሱን እርስዎ ይስጧት።

ከሰላምታ ጋር
ባለ ቀዳዳ ካልሲው መንገደኛ

ግልባጭ፦
አቦሉን ለጠጡት ጎረቤታችን