ድምፄን የሚፈልግ እጩ ስለ ኩበት ይንገረኝ

ፕሬዚዳንት መርጬ አላውቅም። እናንተም አልመረጣችሁም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 ላይ እንደሚለው፣ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች፣ የተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ በጋራ ተቀምጠው ነው። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማግኘት አለበት። አቶ ታዬ አጽቀሥላሴ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የተሰየሙትም በዚሁ መንገድ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩንም የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ለዚያ ምክር ቤት እኔና እናንተ የምንልከው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከምርጫ ክልላችን ተነስቶ አራት ኪሎ የሚገባ አንድ ሰው።

2018 የሰባተኛው አገራዊ ምርጫ ዓመት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጀበና ቡና ጋ በተቀመጥኩ ቁጥር የምሰማው ጨዋታ ግን ሁሉም ስለ አንድ ወንበር ነው። ዐቢይ ይቀጥላሉ ወይስ አይቀጥሉም? እሳቸው ቢሄዱ ማን አለ? እገሌ ይሻላል፣ እገሌ አይረባም። ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይከራከራል፣ ይኮራረፋል። የራሳችንን ምርጫ ክልል እጩ ስም የሚያነሳ ግን አንድም ሰው አልሰማሁም።

በ2013 እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሰኔ 14 ቀን በጠዋት ጋቢዬን ደርቤ ተሰለፍኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ብርዱ ያንሰፈስፋል፣ ሰው ግን ቦታውን አልለቀቀም። ተራዬ ሲደርስ የፓርቲውን ምልክት አይቼ ምልክት አደረግኩና ወጣሁ። የመረጥኩትን ሰው ስም በደንብ ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። ለአካባቢያችን ምን ሊሠራ እንዳሰበ ጠይቄው አላውቅም። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለ መሪዎቹ ያለኝን አስተያየት ልደብቅ አልፈልግም። ገዢው ፓርቲ በ2013 ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን ወሰደ። እንዲህ ያለ ምክር ቤት ይጠይቃል ብዬ መጠበቅ አልችልም። ሁሉም የአንድ ቤት ልጅ ከሆነ ማን ማንን ይጠይቃል? ከምርጫው በኋላ የኢዜማው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋና የአብኑ አቶ በለጠ ሞላ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ ብዙ ሰው ደስ አለው። እኔም ጥላቻው ይረግብ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ተቃዋሚ ካቢኔ ውስጥ ገብቶ ከሚሾም ምክር ቤት ውስጥ ቆሞ ቢጠይቅልኝ እመርጣለሁ። ሚኒስትር አይቸግረንም። የቸገረን ጠያቂ ነው።

ተቃዋሚዎቹንም ቢሆን በጽሞና ሰምቻቸዋለሁ። ስለ ሕገ መንግሥቱ፣ ስለ ማንነት፣ ስለ አዲስ አበባ ይናገራሉ። ትልልቅ ጉዳዮች ናቸው፣ አልክድም። ግን አንድ የመንዝ ገበሬ ክርክሩን በሬዲዮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢያዳምጥ ስለ እርሱ ኑሮ የተነገረ ስንት ዓረፍተ ነገር ያገኛል? ስለ በግ፣ ስለ ገብስ፣ ስለ በልግ ዝናብ መቅረት፣ ስለ ውርጭ ማን ያነሳል?

እኔ በተለይ ስለ ኩበት መናገር እፈልጋለሁ። ይሄን ስል የሚስቁብኝ ወዳጆች አሉ። እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

አክስቴ የምትኖረው ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚገነጠለው መንገድ በኩል ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ከባሕር ዛፍ በስተቀር ዛፍ የሚባል ብዙም አይታይም። ባለፈው ኅዳር ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ስደርስ ደጅ ላይ ተንበርክካ ኩበት ትጠፈጥፋለች። ሌሊት የወረደው ውርጭ ገና ከሳሩ ላይ አልለቀቀም። ከበረት የዛቀችውን እበት ከጭድ ጋር ለውሳ፣ በሁለት እጇ ድቡልቡል አድርጋ፣ መሬት ላይ ጥፍጥፍ ታደርገዋለች። በአንዱ ላይ የአምስት ጣቷ ምልክት እንደታተመ ቀርቷል። ሲደርቅ ትገለብጠዋለች። ከዚያ ይከመራል። ክምሩን ደግሞ ክረምቱ እንዳያበሰብሰው ከላይ በእርጥብ እበት ትለስነዋለች። ሩቅ ሆኖ ለሚያየው ትንሽ ጎጆ ይመስላል። የዓመት ማገዶዋ ያ ነው።

ቤት ገብተን እንጀራ ስትጋግርልኝ ጭሱ ቤቱን ሞላው። እሷ ለምዳዋለች፤ ዓይኗ ግን አልለመደውም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች "አንተ ውጣ ልጄ፣ ዓይንህ ይጠፋል" አለችኝ። የእሷ ዓይንስ? እሱን አላሰበችውም። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነው የኖረችው።

ከሰዓት በኋላ ማሳዋን አሳየችኝ። ከቤቷ ጀርባ ያለው ጓሮ ላይ የነበረው ገብስ ቁመቱ ወገቤን ያልፍ እንደነበር ነገረችኝ፤ አገዳው እዚያው ቆሞ ስላየሁት አመንኳት። ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ማሳ ላይ ደግሞ የቀረው አገዳ ከቁርጭምጭሚቴ ብዙም አይበልጥም። ዘሩ አንድ ነው። ዝናቡ አንድ ነው። ልዩነቱ አዛባው ነው። ለጓሮው በረት ሲጠረግ የሚተርፈው ይደርሰዋል። ለሩቁ ማሳ የሚደርሰው የለም፤ የእርሱ ድርሻ ምድጃ ውስጥ ነዷል።

ነገሩ ይሄው ነው። እንጨት ሲጠፋ እበቱ ማገዶ ይሆናል። እበቱ ማገዶ ሲሆን መሬቱ ይራባል። መሬቱ ሲራብ ገበሬው ማዳበሪያ ይገዛል። ማዳበሪያው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የምንዛሪው ዋጋ ሲንር ዋጋው አብሮ ይንራል፤ መርከቡ ሲዘገይ ደግሞ የዘር ጊዜ ያልፋል። በ2015 ክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ክልል ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ ሰልፍ እስከ መውጣት የደረሰበትን ጊዜ ማን ይረሳዋል?

መንግሥት በነሐሴ 2017 ከዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተስማምቷል። ጥሩ ነው፣ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ዩሪያ ናይትሮጅን ይሰጣል እንጂ የመሬቱን ሥጋ አይተካም። አፈሩ ውኃ የሚይዘው፣ የሚለሰልሰው፣ ማዳበሪያውንም አቅፎ ለሥሩ የሚያቀብለው ብስባሽ ሲኖረው ነው። ብስባሹ ደግሞ አክስቴ ምድጃ ውስጥ እየነደደ ነው። ይሄን የሚያገናኝ አንድ እጩ አልሰማሁም። የግብርናው ሰው ስለ ማዳበሪያ ያወራል፣ የኢነርጂው ሰው ስለ ሜጋዋት ያወራል፣ የጤናው ሰው ስለ ሳንባ ያወራል። ሦስቱም የሚገናኙት እዚያች ጭስ የሞላት ማድቤት ውስጥ ነው።

ስለ ሜጋዋት ካነሳሁ አይቀር። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ አልቅሻለሁ። 5,150 ሜጋዋት! ይሄ የሁላችን ነው። አክስቴም ከበግ ሽያጭ አውጥታ ቦንድ ገዝታበታለች፤ ወረቀቱን ከመሬት ደብተሯ ጋር በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። እሷ ቤት ግን መብራት የለም። የኤሌክትሪክ ምሰሶው በማሳዋ ዳር አልፎ ወደ ከተማ ይሄዳል። እጩው ስለ ግድቡ ብዙ ሊነግረኝ እንደሚችል አውቃለሁ። እኔ መስማት የምፈልገው ከዚያ ምሰሶ እስከ እሷ ምጣድ ያለውን ርቀት በስንት ዓመት እንደሚያሳጥረው ነው።

መፍትሔ የለም እንዳትሉኝ። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ አለ። ባዮጋዝ አለ፤ ጋዙ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ለማሳ ይሆናል፣ ማለትም አንዱ እበት ሁለት ጊዜ ያገለግላል። በእርግጥ ባዮጋዝ ብርድ አይወድም፤ እንደ መንዝ ባለ ደጋ ጋዙ ያንሳል። ታዲያ ይሄንኑ የሚያጠና፣ ለብርድ አገር የሚሆነውን የሚሞክር በጀት ይመደብ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለን፣ የግብርና ምርምር ማዕከል አለን። አዋቂ ሰው አልጠፋም። ይሄን ጥያቄ ይዞ ምክር ቤት ገብቶ ወንበር የሚመታ ነው የጠፋው።

ሌሎች የተረሱ ጉዳዮችም አሉ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 5.4 ሆነ። የቀረው ከዘጠና በላይ መቶኛ ልጅ የት ይሂድ? መሬት የለውም። የአባቱ መሬት ለወንድምና ለእህት ሲሸነሸን አልቋል፤ በክልላችን ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ነው፣ ያኔ ያልተወለደው ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ዓመታት የቆጠሩ ወገኖቻችንስ? ድምፃቸውን የሚፈልግ አይጠፋም። የሚመለሱበትን ወይም እዚሁ የሚቋቋሙበትን ቀን የሚነግራቸው ግን ማን ነው?

ከሁሉም ሰላም እንደሚቀድም አውቃለሁ። አጣዬ በ2013 ስትቃጠል ያየ የሸዋ ሰው ይሄን ማንም ሊያስተምረው አይችልም። ሕፃን ትምህርት ቤት መሄድ በፈራበት፣ መንገድ በሚዘጋበት አገር ስለ ምድጃ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ወጣቱ ተስፋ የቆረጠው በባዶ አይደለም። የሚታረስ መሬት፣ የሚማርበት ደህና ትምህርት ቤት፣ የሚሠራበት ቦታ ቢኖረው ኖሮ ከአዛውንቱ ይልቅ ሰላም የሚፈልገው እሱ ነበር።

መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል ቦታ አለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ስላለበት ቱሪስት ይመጣበታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የዛሬ ሦስትና አራት መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ያን ሳር የጠበቀው የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ነው። ድሮ አለቃውን ይመርጥ ነበር። ሳሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ከብትም አይገባ፣ ማጭድም አይገባ። ሲደርስ ይከፈት ነበር፣ ባለመብቱም ያጭድ ነበር። ያ አለቃ ጥሩ ተናጋሪ ይሁን አይሁን ማንም አይጠይቅም ነበር። ሳሩ አለ ወይስ የለም? ጥያቄው እሱ ብቻ ነበር። አባቶቻችን መምረጥ ያውቁ ነበር ማለት ነው። የመረጡትንም በምን እንደሚመዝኑት ያውቁ ነበር።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። እኔ እስከ ዛሬ ሲሠራበት አላየሁም። እንዴትስ ይሠራበታል? ቃል ያልገባልንን ሰው ቃልህን አጠፍክ ማለት አንችልም። ስለዚህ ዘንድሮ ቃል ላስገባ ነው። የእኛ ምርጫ ክልል እጩዎች ከየትኛውም ፓርቲ ይሁኑ፣ በግልም ይወዳደሩ፣ ቅስቀሳ ሲመጡ እጄን አነሳለሁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ይሁን ብዬ አልጠይቅም። መልሱንም በደብተር እጽፋለሁ፣ ቀኑንም አብሬ እጽፋለሁ።

ጥያቄውን ያወጣችልኝ አክስቴ ናት። ያን ዕለት ልሰናበታት ስል ስለ ምርጫው ነገርኳትና እጩው ቢመጣ ምን እንድጠይቅላት እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወደ ክምሩ እያየች እንዲህ አለችኝ፦ "ይሄን ማሳዬ ላይ ብበትነው ገብሱ እንደሚያምር እኔም አላጣሁት። እንጀራውን በምን ልጋግረው? እሱን ጠይቅልኝ።"