ጌም ቬትናም ሲገባ ትርጉሙ ቀላሉ ሥራ ነው

ስለ ቬትናም የጌም ገበያ ሲወራ ሁሌም ቀድሞ የሚነሳው ቋንቋው ነው። እውነት ነው፣ አንድ ፊደል ላይ ሁለት ምልክት ይደራረባል፤ ፎንቱ ካልተስተካከለ ቃሉ አናቱ ተቆርጦ ይወጣል። ግን ይሄ ጎበዝ ባለሙያ ካለ የሚያልቅ ሥራ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጌሙን የሚያኖረውም የሚገድለውም የአገሬው ኦፕሬተር፣ ማለትም ጌሙን እዚያ ለቆ የሚያስተዳድረው ድርጅት ነው።

የቬትናሙን የጌም ኩባንያ ቪኤንጂን እዩት። እ.ኤ.አ. በ2004 ቪናጌም ተብሎ ተቋቋመ። በ2005 የቻይናውን ኪንግሶፍት የሰይፍ ጌም «ቮ ላም ትሩየን ኪ» ብሎ ለቀቀ። የአገሩ ልጆች በሆንግ ኮንግ የሰይፍ ፊልም ያደጉ ናቸው፤ ታሪኩን ማስረዳት አላስፈለገም። የከበደው ሌላ ነው፤ የባንክ ካርድ የሌለው፣ ቤቱም ኮምፒውተር የሌለው ወጣት በምን ይክፈል? መልሱ ኮዱ የሚፋቅ ካርድ ሆነ። ቤጂንግ ተቀምጦ ለሚያቅድ ሰው ይሄ ቶሎ አይመጣለትም።

ኮኔክሽኑ ደግሞ አለ። ኤኤጂ የተባለው የባሕር ሥር የኢንተርኔት ገመድ ከመበጠሱ ብዛት «ሻርክ ነከሰው» የአገሩ ቀልድ ሆኗል። በ2023 መጀመሪያ ላይ እንዲያውም የአገሩ አምስቱም ገመዶች ባንዴ ችግር ገጥሟቸው ነበር። ሰርቨሩ ውጭ ከሆነ ልጁ ሊተኩስ ሲል ስክሪኑ ቀጥ ይላል፣ ሲመለስ ሞቷል፣ ስድቡን የሚጠጣው ደግሞ ጌሙ እንጂ ገመዱ አይደለም።

ሕጉም የውጭ ኩባንያ ብቻውን ዘው እንዲል አይፈቅድም፤ እዚያው የተመዘገበ ድርጅት ያስፈልጋል። ቢሮክራሲ ነው ብለው የሚያማርሩ አሉ። እኔ ግን ይሄ ሕግ ባይኖር ቪኤንጂን የሚያክል ድርጅት ይበቅል ነበር ብዬ አላምንም። ደግሞስ ቻይና ባሕሩን የኔ ነው ለማለት የምታሰምረው፣ ቬትናም ግን የማትቀበለው የዘጠኝ ሰረዝ መስመር ጌሙ ውስጥ ባለ ካርታ ላይ ከታየ ጌሙ እንዳለቀለት ለውጭ ሰው ማን ይንገረው?

የማይዋጥልኝ በ2024 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው የቬትናም መንግሥት ድንጋጌ 147 ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ አንድን ጌም በቀን ከ60 ደቂቃ በላይ አይጫወትም፤ የአንድ ድርጅት ጌሞች ተደምረውም ከ180 ደቂቃ አያልፉም። ከ16 በታች ከሆነ አካውንቱ በወላጅ መረጃ ይከፈታል። ሰዓት ቆጣሪው ኦፕሬተሩ ነው። ታዲያ በአያቱ ስልክ የተመዘገበ የ13 ዓመት ልጅ ለሰርቨሩ ትልቅ ሴትዮ ነው! ስልኩን የሰጠው ቤተሰብ እያለ ጥፋቱን ሁሉ ኦፕሬተሩ ላይ መደፍደፍ ልክ አይመስለኝም።