ማስተካከያ፦ ኧርባን ኢንስቲትዩት እና ናሽናል ኧርባን ሊግ የተለያዩ ናቸው
ባለፈው ሳምንት አሜሪካ ለሚማሩ ልጆቻችን ስለ አልፋ ፋይ አልፋ የተማሪዎች ማኅበር ስኮላርሺፕና ስለ ከተማ ፖሊሲ ጥናት ሥራ ጽፌ ነበር። እዚያ ላይ «ኧርባን ኢንስቲትዩት የናሽናል ኧርባን ሊግ የጥናት ክፍል ነው» ብያለሁ። ስህተት ነው።

ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ሊጉ በ1910 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ የተመሠረተ የጥቁር አሜሪካውያን የሲቪል መብት ድርጅት ነው። ኢንስቲትዩቱ ግን በ1968፣ በፕሬዝዳንት ሊንደን ጆንሰን ዘመን፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የተቋቋመ የጥናት ተቋም ነው። ይህን ያመሳከርኩት ድርጅቶቹ ራሳቸው ስለ ታሪካቸው ካወጡት ጽሑፍ ነው።

የአልፋ ፋይ አልፋ ማኅበር የቆየ ትስስርም ከሊጉ ጋር ነው። ከ1961 እስከ 1971 ሊጉን የመሩት ዊትኒ ያንግ የአልፋ አባል ነበሩ።

ለኢንስቲትዩቱ በረዳት ተመራማሪነት ለማመልከት ደብዳቤ የጀመራችሁ፣ ሊጉን የጠቀሳችሁበት መስመር ካለ አውጡት። በምትኩ ዳታ ተንትናችሁ የጻፋችሁትን ሥራ አስገቡ፤ እዚያ ሚዛን የሚደፋው እሱ ነው። ስኮላርሺፑና ቅጥሩም ለየብቻ የሚጠየቁ ናቸው። እኔን አምናችሁ ቀድማችሁ የላካችሁ ካላችሁ፣ ይቅርታ።